ብልጭልጩ ላይ ላዩን ቀረ፣ ክዳኑም ተላቀቀ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የአምስት ዓመት ሴት ልጅና ዓመት ከስምንት ወር የሆነው ወንድ ልጅ አሉኝ። ሙቀቱ ስለበረታ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ደጅ አላወጣቸውም። ልጄ ስልክ ላይ ተጥዳ እንዳትውል ብዬ ያ ውስጡ ብልጭልጭ ያለበትን፣ ሲገለብጡት ቀስ እያለ የሚወርደውን ጠርሙስ አብረን ለመሥራት ተነሳን። መጀመሪያ ባለሱቁ ነጭ ኮላ ሰጠኝ፤ ውሃው ወተት ሆነ። ቀጥሎ ግማሽ ግሊሰሪን ግማሽ ውሃ አድርጌ ሠራሁት። ከብልጭልጩ ግማሹ ላይ ላዩን ተንሳፎ ቀረ፣ የቀረው ደግሞ እንደ ድንጋይ ወረደ። ሐረር ያለችው እህቴ በዚያው ልክ ሠርታ የሷ ዝግ ብሎ ይወርዳል። ክዳኑን በሱፐር ግሉ አጣብቄው ነበር፤ ተላቆ ፍራሽ ላይ ፈሰሰብኝ። አማቴ «ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጨመር ይሄ ነው» አሉኝ። ለመሆኑ ልጅ ያረጋጋል የሚባለው እውነት ነው? ትንሹ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው፤ ልተወው ይሆን? ለልጄ ልደትም ለጓደኞቿ ሠርቼ ልሰጥ አስቤ ነበር።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አትተይው። ይሄን ያህል ከደከምሽበት በኋላ የቀረሽ ጥቂት ነገር ነው። የአማትሽን ነገር ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና ከጠርሙሱ እንጀምር።

ነጩ ኮላ የአናጢ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥቃቅን ቅንጣት ሆኖ ይበተናል። ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ስለሚበታትኑት ውሃው ወተት ይመስላል። ቢያድርም ቢሰነብትም አይጠራም። ስልክ ላይ ያየሽው መስታወት የመሰለው የተማሪ ማስቲሽ ነው። ታይዋን ገበያ ስትዞሪ ካጋጠመሽ ጥሩ፤ ካላጋጠመሽ በዚህ ፀሐይ አትንከራተቺ። እኔ ግሊሰሪን ይሻላል ባይ ነኝ። ፋርማሲውም የመዋቢያ ዕቃ ሱቁም አያጣውም። ጥርት ያለ ነው፣ ከውሃ ጋር ሙሉ በሙሉ ይዋሃዳል። የተረፈሽን ደግሞ ለተረከዝሽ ትቀቢዋለሽ።

አሁን እንደ ድንጋይ ስለወረደው እናውራ። የዚህ ጠርሙስ ዋና ሚስጥር የፈሳሹ ውፍረት ነው። ብልጭልጩ ውድ ሆነ ርካሽ፣ ከዱባይ መጣ ከቀፊራ ተገዛ ለውጥ የለውም። ንጹህ ግሊሰሪን 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከውሃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ወፍራም ነው። ግን አታላይ ነው። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል ውፍረቱም በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል አይደል? ጭራሽ አይገናኝም። እኩል በእኩል የተቀላቀለው ከውሃ 10 እጥፍ እንኳ አይወፍርም። አንቺን የጎዳሽ ይሄ ነው።

ስለዚህ ከውሃው ሳይሆን ከግሊሰሪኑ ተነሺ። ከጠርሙሱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በግሊሰሪን ሙዪ። ውሃውን በማንኪያ እየጨመርሽ፣ በየመሃሉ ክዳኑን በእጅሽ ጥብቅ አድርገሽ እየገለበጥሽ እዪው። ፍጥነቱ ስትወጂው አቁሚ። ውሃ መጨመር ቀላል ነው፣ የገባውን ማውጣት ግን አይቻልም። የግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ግሊሰሪን ይጨርስብሻል፤ ትንሿን የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰጂ። የጋዝ ግፊት እንድትችል ስለተሠራች ወፈር ትላለች፣ ለልጅ እጅም ትመቻለች። ሃይላንዱ ልጅ ጨመቅ ሲያደርገው ይሟሽሻል።

የእህትሽ ጠርሙስ ነገር ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እሷም አላጭበረበረችሽም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም። ግሊሰሪን ሲሞቅ ይቀጥናል። 30 ዲግሪ ላይ ያለው ውፍረት 20 ዲግሪ ላይ ከነበረው ግማሹን አይሞላም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስትወጪ የሚቀበልሽን አየር ታውቂዋለሽ። ያው አየር ነው ጠርሙሷን የሚያዘገየው። ብልጭልጭሽን ገና ሳትነኪው ቀኑ ራሱ አፍጥኖብሻል። ስለዚህ የእህትሽን ልክ አትቅጂ፤ ለድሬ ግሊሰሪኑ በዛ ማለት አለበት።

ይሄን ደግሞ ለልጅሽ ጨዋታ አድርጊላት። ጠርሙሱ ሲያልቅ ቀትር ላይ ገልብጡትና ብልጭልጩ ታች እስኪደርስ አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ ፍሪዘር አላልኩም። አውጥታችሁ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ሲለወጥ ፊቷን እዪው። የአምስት ዓመት ልጅ «ለምን?» ማለት የምትጀምረው እንዲህ ዓይነት ነገር ስታይ ነው። በነገራችን ላይ መብራት በጠፋ ቀን አትሞክሪው።

ላይ ላዩን የቀረው ብልጭልጭ ክብደት አንሶት አይደለም። የውሃ ፊት እንደ ስስ ቆዳ ተወጥሮ ይይዘዋል። ፈውሱ ላርጎ ነው። የክብሪት እንጨት ጫፍ ላርጎ ውስጥ ነክረሽ ውሃውን ንኪው። ያ የተኮለኮለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዳር ሸሽቶ መስመጥ ይጀምራል። ልጅሽ ትንካው እንጂ አንቺ አትንኪው፤ ከሁሉም ደስ የሚለው ቅጽበት ይሄ ነው። ከአንድ ጠብታ ካለፍሽ ግን ጠርሙሱ በተነቀነቀ ቁጥር አረፋ ነው የምታዪው።

ብልጭልጩም አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው አብዝቶ ነው፤ ሲበዛ ጭቃ ይመስላል። ደቃቁንና ትላልቁን ብትቀላቅዪ ትልቁ ቀድሞ ይወርዳል፣ ደቃቁ ደመና ሠርቶ ይቆያል። የምግብ ቀለም አንዲት ጠብታ፤ ሁለተኛዋን ከመጨመርሽ በፊት አሳድሪውና እዪው።

ወደ ክዳኑ እንምጣ። ሱፐር ግሉው የተላቀቀው አንቺ ስላላወቅሽበት አይደለም። የጠርሙስ ክዳን የሚሠራበት ፕላስቲክ ከጠርሙሱ ፕላስቲክ የተለየ ነው፤ ሙጫ አይወድም። ልስልስ ያለ፣ ቅባት ቅባት የሚል ዓይነት ነው። በዚያ ላይ ጥርሱ ላይ ግሊሰሪን ከነካው ጨርሶ አይይዝም። እንዲህ አድርጊ፦ የጠርሙሱን አፍና የክዳኑን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጊና ይድረቅ። ጥርሱን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጊው። ሙጫውን ጥርሱ ላይ ዙሪያውን ቀቢና ወዲያው አጥብቀሽ ዝጊ። ሌሊቱን ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደር። በማግሥቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ናስትሮ እየሳብሽ ከክዳኑ እስከ ጠርሙሱ አንገት ጠምጥሚበት። ዋናው መያዣሽ ናስትሮው ነው፤ ሙጫው ረዳት ነው።

ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው። ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተርፍ። በድሬ ሙቀት ፈሳሹም አየሩም ያብጣል። መላወሻ ካላገኘ ክዳኑን ይገፋል።

ሱፐር ግሉው የአንቺ ሥራ ነው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን። ጣትሽ ከተጣበቀ አትጎትቺ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እየዘፈዘፍሽ ቀስ ብለሽ አላቂው። በጥጥ እንዳትጠርጊው። ጥጥ ሲነካው ይግላል፣ ሊያቃጥልሽም ይችላል።

እስካሁን የነገርኩሽ የሙያ ነገር ነው። አሁን ትንሽ ልቆጣሽ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ልጅሽ መጀመሪያ ላይ ብቻ ናት ያለችው። ከዚያ በኋላ የገዛሽውም፣ የቀላቀልሽውም፣ የዘጋሽውም አንቺ ነሽ። ፍራሹም ላይ የፈሰሰው የአንቺ ጠርሙስ ነው። አቦ ተይ! ልጅቷ ትሥራው። ያለቀ ጠርሙስ ብትሰጫት አንድ ቀን ታገላብጠውና ትጥለዋለች። ስትሠራው ግን ከሰዓት በኋላው በሙሉ ያልቃል፣ አንቺ የፈለግሽውም ይሄንኑ ነበር።

የጠርሙሱን ወረቀት እሷ ትላጥ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊላት። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ጠርሙሱ ይጨማደዳል። የቀረውን ሙጫ በጨርቅ ላይ ባደረግሽው ዘይት ታሸው። የሌላ ሃይላንድ አንገት ቆርጠሽ ገልብጠሽ ስጫት፤ ማፍሰሻ ሆነላት። ከታች ትሪ አድርጊ፤ መፍሰሱ አይቀርምና። ግሊሰሪኑ ታች ተኝቶ ውሃው በላዩ ሲፈስ አትቸኩሉ፣ አትነቅንቁት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያዙና ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ሁለቱ ሲገናኙ ቀጫጭን፣ የሚወዛወዙ ክሮች ይታያሉ። ብዙ ሰው ወዲያው ነቅንቆ ይሄን ሳያይ ያልፈዋል።

ዕቃም ከቤት ታገኛለች። የቺፕስ ከረጢት ውስጡ ብርማ ነው። ታጥቦ ተድበልብሎ ሲቆረጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ፕላስቲኩ ከውሃ ይቀላል። የቸኮሌት መጠቅለያ የሆነው አሉሚኒየም ወረቀት ደግሞ ይሰምጣል። ሁለቱን አንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ። ሲገለበጥ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል፣ መሃል ላይ ይተላለፋሉ። ከገበያ ብልጭልጭ ይሄ ይበልጥብኛል። ካረጀ የሠርግ ልብስ የተፈታ ፈርጥም፣ ክሩ የተበጠሰ ጨሌም ይሆናል። የብርጭቆ ጨሌ ይሰምጣል። ቀለል ያለው የፕላስቲክ ዶቃ ውሃ ውስጥ ሰምጦ ግሊሰሪን የበዛበት ውስጥ ግን ሊንሳፈፍ ይችላል። ከመጨመራችሁ በፊት «ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?» ብለሽ ተወራረጃት።

ሽምብራ፣ ሩዝ፣ አበባ፣ ቅጠል ውሃ ውስጥ አታስገቡ። ይበሰብሳል፣ ጋዝ ይፈጥራል። በዚህ ሙቀት የታሸገ ጠርሙስ ሆዱ ተነፍቶ ታገኚዋለሽ።

ወደ ትንሹ ልጅሽ። ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ ዋናውም ጥያቄ እሱ ነው። አንዲት ጨሌ ወይም ቁልፍ የዚያ ዕድሜ ልጅ ጉሮሮ ላይ ብትቀረቀር ትንፋሽ ታሳጣለች። እሷ ስትሠራ እሱ ይተኛ ወይም ሰው ይያዘው። ሲያልቅ ወለሉን በእጅሽ ዳብሺ፤ ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል። ያለቀውን ጠርሙስ አንቺ ባለሽበት ብቻ ይያዝ። በየጊዜው አንገቱን እዪው፤ ስንጥቅ ካለው ወይም ናስትሮው ከተላቀቀ ያለ ርኅራኄ ጣዪው። ጨርሶ ቤትሽ የማይገቡ ነገሮች ደግሞ አሉ፦ ለአበባ ማስቀመጫ የሚሸጡት ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ለስላሳ ኳሶች፣ ከተሰበረ አሻንጉሊት የወጣ ማግኔትና ክብ ትንሽ ባትሪ። ኳሶቹ አንጀት ውስጥ አብጠው ይዘጋሉ። ማግኔት ሁለት ሲሆን አንጀት መሃል አድርጎ ይሳሳባል። ባትሪው ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። አንዱን ውጦ ከሆነ፣ ወይም ውጧል ብለሽ ከጠረጠርሽ፣ ቤት ቆይተሽ አትጠብቂ፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ለእሱ ደረቁ ይሻላል፤ ፍራሽ አያበላሽም። እሱንም ግን እንደ ሌላው በሙጫና በናስትሮ አሽጊው። አሸዋ፣ የተምር ፍሬ፣ ጠጠር፤ በየጠርሙሱ አንድ ዓይነት። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ጥሩ ነው። ግን በክረምት ልጅ ወደ ደቻቱ አትላኪ። ሰማዩ ድሬ ላይ ጥርት ብሎ ከላይ ከደጋው የዘነበው ድንገት ይመጣል። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ይሄን አይረሳውም።

ማሪያ ሞንቴሶሪ፣ ያቺ በ1907 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤት የከፈተችው ሐኪም፣ ጥንድ ጥንድ የሆኑ የድምፅ ሣጥኖች ነበሯት። ልጁ እያንኳኳ በጆሮው ብቻ አንድ ዓይነቶቹን ያጣምራል። አንቺም ሁለት የአሸዋ፣ ሁለት የተምር ፍሬ፣ ሁለት የጠጠር አድርገሽ ውስጡ እንዳይታይ ጨርቅ አልብሻቸው። ትልቋ ታጣምር፣ ትንሹ ያንቃጭል። እዚህ ላይ አማትሽ ይምጡ። እህል መጫወቻ ሲሆን ደስ አይላቸው ይሆናል፤ ልክም ናቸው፣ የተምር ፍሬ ያልኩትም ለዚሁ ነው። ፍሬውን ከተምሩ ላይ የሚያጠራቅሙልሽ እሳቸው ቢሆኑስ? ሲሳተፉበት ገንዘብ ውሃ ውስጥ ገባ የሚለው ነገር ይቀራል። ደግሞም ግሊሰሪኑን ካላባከንሽ ወጪው ያን ያህል አይደለም።

«ያረጋጋል» ስለሚባለው እውነቱን ልንገርሽ። መድኃኒት አይደለም። የሚወርድ ነገር በዓይን ሲከተሉ ትንፋሽ ዝግ ሊል ይችላል፣ ለአዋቂም ቢሆን። ልጅሽ ተቆጥታ ስታለቅስ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አንቺ ራስሽ ገልብጪውና እዪው። ከፈለገች ትጠጋለች። «ሂጂ ጠርሙስሽን ይዘሽ ተቀመጪ» ካልሻት ግን ቅጣት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ አትነካውም። ንዴቷ ጫፍ ላይ ሲሆን አትስጫት፤ ትወረውረዋለች፣ ሙሉ ጠርሙስ ደግሞ ይከብዳል። መናገር ዘገየች፣ ሰውን ዓይን ዓይኑን አታይም፣ ድምፅ ይረብሻታል የሚል ስጋት ካለሽ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ያንን በጠርሙስ አንፈታውም።

መስኮት ላይም አታስቀምጡት። ፀሐይ ቀለሙን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትመጠዋለች። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ፈሳሽ የሞላው ክብ ጠርሙስ የፀሐይን ጨረር አንድ ቦታ ሰብስቦ መጋረጃ ወይም ወረቀት ሊያቃጥል ይችላል። መደርደሪያ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን።

የልደቱን በደስታ አድርጊው፣ ግን ስጦታውን አንቺ ሠርተሽ አትጨርሺ። ጠርሙሶቹን አጥበሽ፣ ግሊሰሪኑን ቀላቅለሽ አዘጋጂ። ልጆቹ ሲመጡ እያንዳንዱ የፈለገውን ይጨምር። ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊ። ክዳኑን በዚያው ቀን አጥብቆ መዝጋት ብቻ ነው፤ ሙጫውንና ናስትሮውን ማታ ሠርተሽ በማግሥቱ አከፋፍዪ። ሳይታሸግ ይዘው እንዳይሄዱ፤ ባጃጅ ውስጥ ይከፍቱታል። ስትሰጪም ለእናቶቹ ውስጡ ምን እንዳለ ንገሪያቸው፣ በተለይ ቤቷ የሚድህ ልጅ ላለባት።